የቀበሌው ዘይትና የገበያው እንቁላል

ጅማን የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር በምግብ እጥረት የሚቀነጭር ልጅ አለ ቢሉት ቶሎ አይዋጥለትም። ዝናቡ አይሰስትም። ጓሮው ጎመን ነው፣ ሙዝ ነው፣ አቮካዶ ነው፣ እንሰት ነው። ከከተማ ወጥታችሁ ወደ አጋሮ ስትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው። እንዲህ ያለ ለምለም አገር ላይ ልጅ በምግብ ይጎዳል? ይጎዳል። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝና በየዓመቱ መስከረም ላይ አየዋለሁ። አራተኛ ክፍል የገባ ልጅ ቁመቱ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያህል ይሆናል። ታሞ አይደለም። ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ኳስ ያባርራል። ግን አጥሮ ቀርቷል፣ ቶሎም ይደክመዋል። ወላጆቹን ስታዩ ደግሞ አጭር አይደሉም፤ በዘር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ቁጥሩም ይህንኑ ነው የሚለው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ወደ 38 ወረደ፣ በ2011 ደግሞ 37 ሆነ። ለውጡ ትልቅ ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን አሁንም ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። የእኛው ኦሮሚያም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ደግሞ የሕፃናት የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም ከአጠቃላይ አገራዊ ምርቷ 16.5 በመቶውን እንዳሳጣት አስልቷል። በሕክምና ወጪ፣ ክፍል በሚደግም ተማሪ፣ ጉልበቱ በቀነሰ ሠራተኛ ተደምሮ ነው እዚያ የደረሰው።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት መንግሥት በምግብ በኩል ስለሚያደርግልን ድጋፍ ነው። ድጎማው፣ ሴፍቲኔቱ፣ ጤና ኬላ የሚሰጠው፣ ትምህርት ቤት የሚበላው። እነዚህ ሁሉ ለጤናችን ምን አደረጉ? እኔ እስከማየው ድረስ ሆድ መሙላትና ልጅ ማሳደግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ድጋፋችን ደግሞ ለብዙ ዘመን የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። በኪሎ ነው የሚለካው። ሁለተኛውን ሥራ የሠራንባቸው ጊዜያት አሉ፤ እዚያ ላይ ውጤቱ ወዲያው ነው የሚታየው።

ከእንቁላል ልጀምር።

ጅማ ሐሙስ ገበያ ነው። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነው የሒርማታ ገበያ ዛሬም ሐሙስ ሲሆን ከየገጠሩ ሰው ይጎርፍበታል። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት እንቁላል ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንቁላሎቹ ዘንቢል ውስጥ በጭድ ተጠቅጥቀዋል። ገዢው አንድ በአንድ እያነሳ ጆሮው አጠገብ ይንጠዋል፣ ወደ ፀሐይ ያሳየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። አጠገባቸው ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ደረቅ ዳቦ ይዛ ተቀምጣለች። ጨዋታችን ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነበር። «አዴ፣ ለልጆቹ ጥቂት አያስቀሩም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይህ ከተበላ ጨውና ዘይቱ በምን ይገዛል?» አሉኝ። ሸጠው ሲጨርሱ አብሬያቸው ትንሽ ሄድኩ። ግማሽ ሃይላንድ ዘይት አስቀዱ፣ ጨው ገዙ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዙ፣ ለባጃጅ ከፈሉ። አለቀ።

እኚህ ሴት አላወቁም የሚል ካለ ተሳስቷል። በደንብ ያውቃሉ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታቸው ድረስ መጥታ እንቁላል ለሕፃን ጥሩ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ሒሳቡ ነው እምቢ ያለው። እንቁላሉ ተሽጦ የሚመጣው ዘይት የመላው ቤተሰብ ወጥ ይሠራበታል፤ ቢበላ ግን የአንድ ልጅ ብቻ ነው። እሳቸው ቦታ ብትሆኑ እናንተም ያንኑ ነው የምታደርጉት። በ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል ለዕድሜያቸው የሚበቃ ዓይነትና መጠን ያለው ምግብ ያገኙት 7ቱ ብቻ መሆናቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሰባት! ሌሎቹ ሁሉ ተርበው የሚያድሩ አይደሉም። ብዙዎቹ በልተው ነው የሚያድሩት። የሚበሉት ግን የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ገንፎ ነው፣ ዳቦ በሻይ ነው።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ እሱም ይሳሳል። የቡና ብር የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ልብስ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ሠርግ ይደገሳል። ሐምሌ ላይ ብሩም የለም፣ ያለፈው ዓመት በቆሎም አልቋል፣ አዲሱ ገና እሸት አልደረሰም። አገሩ ከመቼውም በላይ አረንጓዴ የሚሆነው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ችግሩ የማይታየውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ፣ ወደ ቀበሌው ሱቅ። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ያወጣበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ፓልም ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበርና በቀበሌ በኩል በኮታ ሲከፋፈል ኖሯል። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል። «ዘይት መጥቷል» የሚል ወሬ ሲሰማ ሰፈሩ በስልክ ይጠራራል። ጎህ ሳይቀድ ጀሪካኑ ይደረደራል፣ ጀሪካን የሌለው ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዛል። ያቺ ድንጋይ ትከበራለች፣ ማንም አይነካትም። ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ይከፈታል፣ ደብተር ይታያል፣ ስም ይጠራል። ከዚያ ዘይቱ ቤት ይገባል። በማግሥቱ ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ። እናቶች ፀሐይ ላይ ያወጡታል ወይም ምድጃው አጠገብ ያስጠጉታል።

ይህ ዘይት ለድሃ ቤት ባለውለታ ነው፣ ይህንን ሳልል ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የሱቁ ዘይት ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ስንቱ ቤት በቀበሌው ጀሪካን ነው ወጥ የሠራው። ሕፃን ልጅም ስብ ያስፈልገዋል። የጎመኑ ቪታሚን ኤ እንኳን ያለ ዘይት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ይሁን እንጂ ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። የሚረጋ ስብ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ከልብ ሕመም ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው። አያቶቻችን የለመዱት የኑግ ዘይት በዓይነቱ ሌላ ነው፣ አይረጋም፣ ዋጋው ግን ዛሬ ለደመወዝተኛም አልቀመስ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ ከ10 ሞት ወደ 4 የሚጠጋው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው፤ በልብ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በካንሰርና በመሳሰሉት። ይህን ሁሉ የቀበሌው ዘይት አመጣው አልልም፣ እንደዚያ ብል ውሸት ነው። ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ሲመረጥ የጤና ባለሙያ ከጠረጴዛው ዙሪያ ቢኖር ምን ነበረበት?

ስኳሩም እንደዚያው ነው። በተማሪዎቼ ቤት የተለመደው ቁርስ ዳቦ በሻይ ነው። ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ልጁ ይሞቀዋል፣ ለአንድ ሰዓት ይነቃል፣ አራት ሰዓት ላይ ዓይኑ ይከደናል። መንግሥት ከፊሉን በውጭ ምንዛሪ እየገዛ፣ እያጓጓዘ፣ እየደጎመ ያንን ስኳር ሲያቀርብልን ኖሯል። ምስሩን፣ አተሩን፣ ባቄላውን ግን ለገበያ ትቶታል። እኔ በምኖርበት ቀበሌ ሽሮ ወይም ክክ በኮታ ሲከፋፈል አይቼ አላውቅም። የሽሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ «ከሽሮ አላልፍም» የሚል ሰው ድህነቱን እየተናገረ ነበር። ዛሬ ሽሮውም የሚቆጠር ሆኗል፤ ሴቶቹ በውሃ እያቀጠኑ፣ ዱቄቱን በበቆሎ እየቀላቀሉ ነው ቤቱን የሚይዙት። ከቤቱ ወጪ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሥጋ አይደለም፤ እሱማ ድሮም አልነበረም። የሚቀነሰው ጥራጥሬው ነው። ሰውነት የሚገነባውን ነገር ከአብዛኛው ድሃ ቤት የሚያስገባው ደግሞ ጥራጥሬው ብቻ ነበር።

አንድ ወዳጄ፣ ሸማቾች ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ነው፣ ይህን ሳነሳበት ተቃወመኝ። ዘይትና ስኳር በቀላሉ ይጫናል፣ ይቀመጣል፣ አይበላሽም፤ ባቄላና አተር ግን ነቀዝ ይበላዋል፣ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል አለኝ። ልክ ነው፣ ችግሩ እውነት ነው። ግን የነቀዝ መድኃኒት እኮ አለ፤ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ገበሬውም ይጠቀምበታል። ማኅበሩ በመኸር ጊዜ ከገበሬ ገዝቶ ክረምት ላይ ቢያከፋፍል ለገበሬውም ለሸማቹም ይጠቅማል። ስንዴ ከባሕር ማዶ ማምጣት የቻልን ሰዎች አተር ከአጎራባች ወረዳ ማምጣት ያቅተናል ብዬ አላምንም።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል ጨው ምስክር ነው። የእንቅርትን ነገር አስቡት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ከመሬት አልተነሳም፣ እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ ነገር ነበር። ባሕር በሌለበት ደጋና ወይናደጋ አፈሩ አዮዲን ያጣል፣ ሰውም ያጣል። እንቅርቱ ላይ ላዩን የሚታየው ነው። የባሰው በእርግዝና ጊዜ የሕፃኑ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የነበረው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ግን በ89ኙ ተገኘ። በአምስት ዓመት! ማንም አልተሰለፈም፣ ማንም ኩፖን አልያዘም፣ ማንም ባህሉን እንዲለውጥ አልተሰበከም። እኚያ የእንቁላሏ እናት የገዙት ጨው ራሱ ተለውጦ ጠበቃቸው። (ጨውን ክፍት ማስቀመጥና ወጡ ሲንተከተክ መጨመር አዮዲኑን እንደሚቀንሰው ግን አሁንም ብዙ ሰው አልሰማም። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሲወጣ ጨምሩት።) ዱቄትና ዘይትም በቪታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ በቅርብ ዓመታት ወጥቷል። በጨው የታየው ጥብቅ ክትትል እዚህም ከተደገመ የቀበሌው ጀሪካን ራሱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ሴፍቲኔት ብዙ ተብሏል፣ እኔ አሳጥረዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። በየዓመቱ በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ከመኖር ይልቅ፣ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ፣ በወቅቱ እህል ወይም ብር እንዲያገኝ ታስቦ ነው። እርከን ተሠራ፣ መንገድ ተጠረገ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን አለፈ። የምግብ ክፍተቱ እንዳጠረ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የልጆቹ ቁመት ላይ ሲመጣ ግን እነዚያው ጥናቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታይ ለውጥ አላገኙም። ለምን? የሚሰጠው በዋናነት እህል ነው። ነፍሰ ጡሯም አፈር ስትሸከም ትውላለች። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ልጁ የበላውን ተቅማጥ ይወስደዋል። በኋላ ይህ ታየና ደንቡ ተሻሻለ፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራው ወጥተው ድጋፋቸው እንዲቀጥል፣ በምትኩ የጤናና የምግብ ትምህርት እንዲከታተሉ ተደረገ። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ወረዳዎቹ ሲመረጡ ግን መነሻው በተከታታይ ዓመታት የምግብ እርዳታ ሲቀበሉ መቆየታቸው ነበር። እንግዲህ እንደኛ ያለው፣ ሲያዩት ለምለም የሆነ፣ እርዳታ ተጭኖለት የማያውቅ አገር በዚህ ወንፊት ውስጥ አይገባም። ድርቅ የለንማ።

እህል ብቻ ለምን እንደማይበቃ እዚሁ ጅማ የተሠራ ሥራ አለ፣ ብዙ የከተማችን ሰው አያውቀውም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዴንማርክና ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እዚህ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ ለዓመታት ተከታትለዋል። ሕፃኑን ለደቂቃዎች መስኮት ባለው ትንሽ ዝግ መሣሪያ ውስጥ ያስተኙታል። መሣሪያው ከክብደቱ ስንቱ ስብ እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ ጡንቻ፣ አጥንትና ሌላው የሰውነት ክፍል እንደሆነ በአየር ይለካል። ያገኙት ነገር እኔን እንደ አስተማሪ አስደንግጦኛል። ሲወለድ ይህ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ሻል ያለለት ልጅ እያደገ ሲሄድ በዕድገትና በቋንቋ ምዘናዎችም ሻል ይላል፤ ስቡ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየበትም። ስለዚህ ልጁ ስንት ኪሎ ነው ብቻ ብለን መጠየቅ አይበቃንም። ኪሎው ከምን የተሠራ ነው? ጥያቄው ደግሞ የሚጀምረው ልጁ ገና እናቱ ማኅፀን ውስጥ እያለ ነው። እህል ብቻ እየሰጡ ሰውነት ይገነባል ብሎ መጠበቅ ያለ ማገር ጭቃ እንደመለጠፍ ነው።

ጤና ኬላ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድጋፍ አለ። ገብታችሁ ካያችሁ ጤና ኤክስቴንሽኗ የሕፃኑን ግራ ክንድ በቀጭን የፕላስቲክ መለኪያ ትጠመጥመዋለች። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው። እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እናትየዋ ትንፋሿን ውጣ ነው የምታየው። ቀይ የወጣለት ልጅ ሌላ ሕመም ከሌለው ፕላምፒናት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ቪታሚን ነው፤ አንዱ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ልጅን ሆስፒታል ሳያስተኙ ቤቱ ማከም የሚለው አሠራር በዓለም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ ይህ ሊያኮራን ይገባል። የስንቱን ልጅ ነፍስ አትርፏል። ግን አራት ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ለአንዱ ብቻ ጣፋጭ ነገር መስጠት እንዴት ይቻላል? እናት ትከፋፍለዋለች። ትክክል ነው አልልም፣ እንዳትፈርዱባት ብዬ ነው። ቤተሰቡም አብሮ የሚበላው ነገር ቢታከልለት ኖሮ የታመመው ልጅ እሽጉን ሙሉ ያገኘው ነበር።

እዚሁ ጤና ኬላ የምወደው ሥራ የምግብ ዝግጅት ማሳያው ነው። ሴቶቹ ከየቤታቸው ያላቸውን ያመጣሉ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ተፈጭቶ ምጥን ይሆናል፤ ገንፎው ሲወጣ ጎመን ተከትፎ፣ እንቁላል ካለ ተመትቶ ይገባበታል። ርካሽ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ልጆቹ ይበሉታል። «እንቁላል ካለ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

የሴፍቲኔቱና የጤና ኬላው ድጋፍ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ከውጭ ነው። በሰኔ 2015 የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልታለመለት ሰው እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ስርጭቱን አቆሙ። ለአብዛኛው ተረጂ የተመለሰው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ነው። ጥፋቱን የሠሩ ሌሎች፣ የተራቡት ሌሎች። በሚያዝያ 2017 ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ 650,000 በምግብ እጥረት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናትን ሕክምና ለማቆም መገደዱን አስታወቀ። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያለው ጊዜ ከእርግዝናው ጋር ሲቆጠር ሺህ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ዓመት ከተወሰደበት በኋላ ማንም አይመልስለትም። ለዚህ ነው የሕፃናት ምግብ እንደ ደመወዝና እንደ መንገድ ጥገና በራሳችን በጀት ውስጥ ቋሚ መስመር ሊኖረው ይገባል የምለው። በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ሐምሌ 2007 ላይ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ገብቷል። ቀኑ ደግሞ እየደረሰ ነው።

ሀብታም አገሮችም ቢሆኑ ይህንን የተማሩት ቀስ እያሉ ነው። አሜሪካ ለድሃ ቤተሰብ የምግብ ኩፖን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ እስከ 1975 ድረስ ወረዳ በወረዳ እየተስፋፋ ሄደ። አንዱ ወረዳ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለጀመረ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ማወዳደር ቻሉ። በሕፃንነታቸው ኩፖኑ የደረሰላቸው ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ደም ግፊትና ስኳር አንድ ላይ የሚያጠቋቸው መጠን ዝቅ ብሎ ተገኘ። የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጋፋቸውን ቅርጫት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከልሰው አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ጨመሩበት፣ ጭማቂውን ቀነሱ። ቅርጫት ሊከለስ ይችላል ማለት ነው፤ እኛም የቀበሌውን መከለስ እንችላለን። ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበኝ ግን የብራዚል ነው፣ እነሱም የቡና አገር ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሕግ ለተማሪዎች ምግብ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች በቀጥታ እንዲገዛበት አስገደደ። ይህንን ሳነብ የመጣችልኝ የእንቁላሏ እናት ናት። ትምህርት ቤቱ እንቁላሏን ከደጇ በቋሚ ዋጋ ቢገዛት፣ ብሩም ይገባላታል፣ እንቁላሉም የሚበላው ልጅ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሐሙስን መጠበቅ የለ፣ ባጃጅ የለ።

በኦሮሚያ በቡሳ ጎኖፋ በኩል የተማሪዎች ምገባ መጀመሩ ለዚህ በር ከፍቷል። ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ላለቀበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ወገኑ ተሰብስቦ የሚያቋቁምበት የኦሮሞ ነባር ሥርዓት ነው፤ ክልሉ ተቋም አድርጎታል። እኛ ትምህርት ቤት ምገባው ሲጀመር መጀመሪያ የታየኝ የአራት ሰዓቱ ድካም መቅረቱ ነው። ቅንጬ በልቶ የገባ ልጅ እጁን ያወጣል። ይጠይቃል። ዓርብ ይቀሩ የነበሩት መምጣት ጀመሩ። የሚያበስሉት የሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ ጠዋት ጎመን ሲከትፉ፣ ባቄላ ሲለቅሙ፣ ድስቱን ለሁለት ሲሸከሙ ታያላችሁ። ጥራጥሬው ዘግይቶ ሩዝ ብቻ የሚበላበት ሳምንት ያጋጥማል። ያኔም ሆድ ይሞላል። ግን ከላይ ያልኩትን ሁሉ ታስታውሱኛላችሁ።

ትልቁ ክፍተት ክረምቱ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ማዕድ ቤቱም አብሮ ይቆለፋል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ቤት ውስጥ ምንም የማይገኝበት ጊዜ፣ ልጆቹ የሚበሉበት ብቸኛው ቦታ ተቆልፏል። ድስቱ አለ፣ ምድጃው አለ፣ እናቶቹ አሉ። ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ሆነን ማዕድ ቤቱ በክረምት ለሁለቱ ወር እንዲከፈት፣ ተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ነፍሰ ጡሮችና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ያሏቸው እናቶችም እንዲበሉበት ጥያቄ ጽፈን አስገብተናል። ዝርዝሩ ላይ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመንና እንቁላል ጽፈናል፣ እንቁላሉ በዙሪያችን ካሉ ሴቶች እንዲገዛም ጠይቀናል። መልሱ ገና አልመጣም። በክረምት ማዕድ ቤቱን ማን ይቆጣጠረዋል ለሚለው ጥያቄ ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ሌሎች ሁለት መምህራንም ተመዝግበዋል። ጅማ ያላችሁና ጥራጥሬ በጅምላ የምትነግዱ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ በመኸር ዋጋ የምትሸጡልንን መጠን ንገሩን።